የላይኛው አልጋ

ባለፈው ጥቅምት ነው። ከአምስት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ ገባ ብላ በምትገኘው ኮፒ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። የምዝገባ ሰሞን ስለነበር ግፊያው ለብቻው ነው። አንዱ ትራንስክሪፕት ኮፒ ያስደርጋል። አንዱ ጉርድ ፎቶ ያሳትማል። አንዱ ፍላሹን ይዞ ተራ ይጠብቃል። በሩ ጥግ አንዲት ልጅ ቆማለች። ተራዋ ሲደርስ ወደ ኋላ ትላለች። ከኋላዋ የነበረው ቀድሟት ይስተናገዳል። እንደገና ተራዋ ይደርሳል፤ እንደገና ወደ ኋላ ትላለች። ሦስት ጊዜ አየኋት።

ሰው ቀለል ሲል ጠራኋት። ከደብተሯ መሃል አንድ ወረቀት አወጣች። አራት ቦታ ታጥፎ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። የቀበሌ ደብዳቤ ነው። ክብ ማኅተም አለው፣ ቀለሙ ፈሷል። የችግረኛ ቤተሰብ ልጅ መሆኗን ይመሰክራል።

«ይሄ ወረቀት ይበቃል?» አለችኝ። ድምጿ ከማሽኑ ጩኸት በታች ነው።

«ለምኑ ነው የሚበቃው የኔ እናት?»

«እርዳታ የሚጠየቅበት ቢሮ አለ ሲሉ ሰማሁ። ምን ይዤ እንደምሄድ አላወቅኩም። ምናልባት እርስዎ ያውቁ እንደሆን ብዬ ነው።»

በዚህ ሰፈር ተማሪ ሁሉ አንቺ ይለኛል። «እርስዎ» ስትለኝ ከየት እንደመጣች ገባኝ። ከዚያ በላይ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ይቺ ልጅ ግቢ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው እያለ የምትጠይቀው አጥታ ኮፒ ቤት መጥታለች። እኔን የመረጠችኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ነጠላ ስለለበስኩ ይሆናል። ምናልባት የአክስቷን ፊት መስዬ ታይቻት ይሆናል።

ደብዳቤውን ሦስት ኮፒ አድርጌ ዋናውን በፕላስቲክ አስገባሁላት። ከዚያ አንድ ሃንድአውት አወጣች፣ የክፍል ጓደኛዋ ያዋሰቻትን። ወደ ስድሳ ገጽ ይሆናል። «የመጀመሪያዎቹን አራት ገጾች ብቻ» አለችኝ። የቀረውንስ ስላት፣ ማታ ማታ በእጇ እየገለበጠችው እንደሆነ ነገረችኝ። ጣቷን አየሁት። የመሃል ጣቷ ጎን ላይ እስክርቢቶ የሚያሳርፈው እብጠት አለ። ያንን እብጠት አውቀዋለሁ። እኔም ነበረኝ።

እንዲህ ያለውን ልጅ «የቤቱ መጀመሪያ» እለዋለሁ። ከእናትም ከአባትም ዩኒቨርሲቲ የገባ የለም። ታላቅ ወንድም የለም፣ አጎት የለም። አንዳንዴ ከመንደሩም የለም። እንደዚህ ዓይነቱ ልጅ ግቢ ሲገባ የሚጎድለው ብር ብቻ ይመስለናል። ብር ይጎድለዋል፣ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ከብሩ በፊት የሚጎድለው ሌላ ነገር አለ። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረው ሰው የለውም። ምን እንደሚጠየቅ ካላወቁ ደግሞ መጠየቅም አይቻልም። ስለዚህ «ለሚጠይቅ ሁሉ ክፍት ነው» የሚባል እርዳታ፣ የመጨረሻ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ብዙ ጊዜም አይደርሰውም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው።

እኔም የቤቴ መጀመሪያ ነኝ። ያደግኩት መንዝ ነው። አባቴ ዳዊት ይደግማል፣ መጻፍ ግን አልተማረም። እናቴ ልጅ ሳለች በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደርሷት ፊደል ቆጥራለች። ስሟን ትጽፋለች፣ በዚያው አበቃ። እኔን ግን እንዳልቀር አድርጋ አስተማረችኝ። ከብት የሚጠብቅ ሲጠፋ እንኳን እሷ ሄዳ እኔ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር።

ቤታችን ውስጥ ጥሩ ልጅ ማለት ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት የሚል ነው። ትልቅ ሰው ሲያወራ ዓይን መስበር ነው። ያልተሰጠን አለመጠየቅ ነው። በ2001 ዓ.ም. ስሄድ የሸኙኝ በብረት ሳጥን፣ በአንድ ባና እና ለወራት በሚበቃ የገብስ በሶ ነበር። ጎረቤት እየመጣ አምስትም አሥርም ብር «ለእስክርቢቶ» እያለ እጄ ላይ አስጨበጠኝ። እማዬ መኪናው ሊነሳ ሲል ጆሮዬ ላይ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው። «ልጄ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ምክሯ በመንደራችን ልክ ነው። ብዙ ጠብ ያስቀራል። ግቢ ውስጥ ግን ያንን አፍ ዘግቼ ልጠፋ ነበር።

የተማርኩበትን ግቢ ስም አልጠራም፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ነው፣ ወደ ደቡብ። ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። «ክሬዲት አወር» የሚል ሳነብ ደነገጥኩ። ክሬዲት ማለት ብድር እንደሆነ ከአንድ የማኅበር ሠራተኛ ሰምቻለሁ። ስንት ሰዓት ነው የምበደረው ብዬ አሰብኩ። ለካ የእያንዳንዱ ትምህርት ክብደት የሚለካበት ነው። በዚያው ሳምንት የወጪ መጋራት ውል ፈርሙ ተባልን። የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርቱን ከፊል ወጪ ተመርቀን ሥራ ስንይዝ ከደመወዛችን ላይ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ የምንከፍልበት ነው። ይህን ግን አሁን ነው እንዲህ አሳጥሬ የምነግራችሁ። ያን ቀን ማንም እንዲህ አልነገረኝም። ብፈርም የአባቴ በሬዎች ይያዛሉ ብዬ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ሁሉም ሲፈርም ፈረምኩ።

አስተማሪዎች በር ላይ «ኮንሰልቴሽን አወር» የሚል ሰዓት ይለጠፋል። ተማሪ ገብቶ ያልገባውን የሚጠይቅበት ነው። እኔ ሥራ ስለሚበዛባቸው አትረብሹን ያሉበት ሰዓት መስሎኝ፣ በዚያ ሰዓት በኮሪደሩ እንኳን አላልፍም ነበር።

አሁን ወደ ላይኛው አልጋ ልምጣ።

ዶርማችን ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ነበር። እኔ ከታች እተኛለሁ። ከላይ የምትተኛው ልጅ ከወሎ ገጠር የመጣች ናት። እሷም የቤቷ መጀመሪያ። ከእኔ በጣም ትበልጥ ነበር፤ ሂሳብ ስትሠራ እጇ አይቆምም። አንድ ነገር እንዳልገባኝ ካየች ከላይ ሆና ጭንቅላቷን ወደ ታች ታደርግና ፀጉሯ እየተንጠለጠለ ታስረዳኛለች። በሶዬን በስኳር እየበጠበጥን አብረን እንጠጣለን። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቷ ከክፍላችን ሴቶች አንደኛ ነበር።

ሁለተኛው ሴሚስተር ከተጀመረ ወር ሳይሞላ እናቷ በጠና ታማለች የሚል መልእክት መጣ። ዓርብ ቀን ነበር። ከዶርሙ ሰው ሁሉ ብር አዋጣንና ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሸኘኋት። ማስፈቀድ አላሰበችም። ማንን እንደምታስፈቅድም አታውቅም። እኔም አላውቅም። እናቱ የታመመችበት ሰው ወደ እናቱ ይሄዳል፣ ሌላ ምን አለ?

እናቷ በሁለተኛው ሳምንት አረፈች። ታላቅ ልጅ እሷ ናት። ታናናሾቿን ማን ይያዝ? አርባዋን አውጥታ፣ ልጆቹን አክስቷ ዘንድ አስቀምጣ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች ተመለሰች። ሚድ ፈተና አልፏል። አሳይመንት አልፏል። ፋይናል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ፈተና ቤት ገብታ የቻለችውን ሠራች። ውጤት ሲለጠፍ ሦስት ኤፍ ነበር።

ያን ቀን አብሬያት ነበርኩ። ወደ አንድ ቢሮ ላኩን፣ ከዚያ ወደ ሌላ ቢሮ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሰው መዝገቡን አይተው ቀና አሉና «ዊዝድሮ ለምን አልሞላሽም?» አሏት።

«እሱ ምንድነው ጋሼ?» አለቻቸው።

ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ በእሳቸው ላይ ጥዬው አርፍ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና በእርጋታ አስረዷት። ተማሪ ሲታመም ወይም ቤተሰብ ላይ ችግር ሲደርስ ከመሄዱ በፊት የሚሞላው ፎርም አለ። ከሞላ ያ ሴሚስተር አይቆጠርበትም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሴሚስተር ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል። ካልሞላ ግን ስሙ መዝገብ ላይ ስላለ እንደተማረ ተቆጥሮ ውጤት ይሰጠዋል። የእሷም ውጤት ለመመለስ የሚበቃ አልነበረም።

ሳጥኗን እስከ በር ድረስ አብረን ተሸከምን። እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው። አላለቀሰችም። መኪና ውስጥ ስትገባ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። «እኔ እኮ ቶሎ ተመለስኩ።»

ላይኛው አልጋ ባዶ ቀረ። ማታ ማታ ቀና ብዬ የብረት ሽቦውን አያለሁ።

ይቺን ልጅ የችሎታ ማነስ አልጣላትም። ድህነትም ብቻውን አልጣላትም። መንግሥት አልጋ ሰጥቷታል፣ ሦስት ጊዜ ያበላታል፣ ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። እናቷ ዩኒቨርሲቲ የተማረች የክፍላችን ሌላ ልጅ በዚያው ዓመት ታይፎይድ ታመመች። እናቷ ስልክ ደውላ «መጀመሪያ ፎርሙን ሙይ፣ ከዚያ ትመጫለሽ» አለቻት። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ ቀጠለች፤ በኋላም ተመረቀች። ልዩነቱ አንድ ስልክ ነው።

ሀገራችን ለድሃ ልጅ ምንም አላደረገችም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። የተሠራው ሥራ ብዙ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪው ጥቂት ነበር። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ስድስት ኪሎ የተማሪ ሰፈር ሲሆንም ገና ጥቂት ነው። ያኔ አብዛኛው ተማሪ የቤቱ መጀመሪያ መሆኑ የማይቀር ነው፤ ከእሱ በፊት የተማረ ወላጅ ከየት ይመጣል? ግን ትንሽ ስለነበሩ መምህሩም ዘበኛውም በስም ያውቃቸዋል። የጠፋ ልጅ ይታወቃል። ከዚያ በ1980ዎቹ አጋማሽ እንኳን ሀገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ ሁለቱ ናቸው። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ይህ ባይሆን እኔ ከመንዝ ወጥቼ ኮፒ ቤት ቀርቶ ምንም አይኖረኝም ነበር። በሩ ሲሰፋ ግን በስም የሚያውቅህ ሰው ጠፋ። የሰፋውን ያህል የሚፈልግህ አልተተካም።

ለሴቶች፣ ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል ለሚመጡ፣ ለአካል ጉዳተኞች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ይደረግ ነበር። ተገቢ ነው እላለሁ፤ እኔም በዚያ ተጠቅሜያለሁ፣ አላፍርበትም። ሌሊት ውሃ ቀድታ ክፍል የምትገባ ልጅ ያመጣችው ነጥብ እና ሦስት አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅ ያመጣው ነጥብ አንድ ዓይነት ቁጥር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሪሚዲያል አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና አሰጣጡ ተጠብቆ በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከማለፊያው ዝቅ ካሉት የተወሰኑት ዩኒቨርሲቲ ገብተው አቅማቸውን እንዲያሻሽሉ የተደረገበት ነው። በ2016 ዓ.ም. ያለፉት 5.4 በመቶ ነበሩ። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ ያለውን ልጅ አስቡት። ከትምህርት ቤቱ ብቻውን አልፎ የሚመጣ አለ። ወላጆቹ በግ አርደው ይሸኙታል። ያ ልጅ ኤፍ ሲያገኝ ለማን ይናገራል?

የትምህርት እርዳታም አለ። ብዙ ግቢዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አላቸው፤ ለሴቶች ቱቶሪያል፣ ማለትም የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ያዘጋጃሉ፣ ለችግረኞቹ የኪስ ገንዘብና ሞዴስ ይሰጣሉ። ማስተርካርድ ፋውንዴሽን በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ለተቸገሩ ጎበዝ ተማሪዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አለ። ይህን ሁሉ አመሰግናለሁ። ግን አብዛኛው ተማሪውን ተቀምጦ ይጠብቃል። ማመልከቻ ይሻል። ሰሌዳ አንብቦ፣ ቀን ቆጥሮ፣ ደብዳቤ አጽፎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ «ችግረኛ ነኝ» ብሎ የሚገባ ልጅ ይሻል። እኛ ቤት ደግሞ የተማርነው ችግርን በነጠላ መሸፈን ነው።

አንድ ነገር አይቻለሁ። እኛ ግቢ የቱቶሪያሉ ማስታወቂያ «ውጤታቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሴት ተማሪዎች» ይል ነበር። ከሥሩ የስም ዝርዝር ተለጥፏል። የእኔ ስም ነበረበት። ወንዶቹ ቆመው እያነበቡ ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ ቱቶሪያል የሄደ ብዙ ሰው አልነበረም። እኔም መጀመሪያ አልሄድኩም። እርዳታው ጥሩ ነበር፣ አስጠኚዋም ጎበዝ ነበረች። ግን በሩ ላይ ውርደት ተለጥፎበት ነበር። ያንኑ ትምህርት «የቅዳሜ ጥናት፣ ለፈለገ ሁሉ» ብለው ቢጠሩት ክፍሉ ይሞላ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ እኔ እንዴት ተመረቅኩ?

በሁለተኛ ዓመት መጀመሪያ አንድ ማታ በራችን ተንኳኳ። የግቢ ጉባኤ፣ ማለትም የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ማኅበር፣ ልጅ ናት፣ ሦስተኛ ዓመት። ደብተር ይዛለች። ስማችንን፣ ከየት እንደመጣን፣ ምን እንደምናጠና እየጠየቀች ጻፈች። ከዚያ «ከእናንተ መሃል ዋርኒንግ ያለበት አለ?» አላለችም፤ ዋርኒንግ ውጤቱ ዝቅ ላለ ተማሪ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው። «እኔ አንደኛ ዓመት ዋርኒንግ ነበረብኝ» አለች። ዝም ብላ የራሷን አወራች። ማን ጋ ሄዳ እንደጠየቀች፣ ምን ብለው እንዳስረዷት። ስትጨርስ እኔ እያለቀስኩ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ትመጣለች። ቱቶሪያል ይዛኝ ሄደች፤ በር ላይ አልተወችኝም፣ አብራኝ ገብታ ተቀመጠች። የአስተማሪ ቢሮ በር አንኳክታ «ይቺ እህቴ ጥያቄ አላት» ብላ አስገባችኝ። ኮንሰልቴሽን አወር ምን እንደሆነ ያኔ አወቅኩ። አስተማሪው ሻይ ጋበዘኝ። ዓመት ሙሉ ስሸሸው የነበረ ሰው ሻይ ጋበዘኝ።

ይህን የሚያደርጉት የግቢ ጉባኤ ልጆች ብቻ አይደሉም። የፕሮቴስታንቶቹ ፌሎሺፕም፣ የሙስሊሞቹ ጀመዓም እንዲሁ ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መናኸሪያ ድረስ ወጥተው ሳጥን ይሸከማሉ። ዶርም ያሳያሉ። ሳምንት ሳይታይ የቀረ ሰው ካለ «የት ጠፋ?» ብለው ዶርሙ ድረስ ይመጣሉ። ደመወዝ የላቸውም፣ በጀት የላቸውም። ግን የጠፋን ሰው ይፈልጋሉ። እኔ በሕይወቴ ካየሁት የተማሪ ድጋፍ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ከየትኛውም ማኅበር ውጭ የሆነ ልጅ ግን አለ፤ እሱን ማን ይፈልገዋል የሚለው ነው የሚያስጨንቀኝ። የላይኛው አልጋ ልጅ በየትኛውም አልነበረችም። እሑድ እሑድ ልብስ ታጥብ ነበር።

በአንድ ወቅት በየግቢው አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት ነበር። ጎበዙ ተማሪ አራት አምስቱን እንዲያግዝ። ሐሳቡን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ብዙ ቦታ ግን ቃለ ጉባኤ ሆኖ ቀረ። ተሰብስበናል ብሎ መፈረም። ፖለቲካም ስለገባበት ልጆቹ ሸሹት። ያሳዝነኛል፤ ስሩ ጥሩ ነበር።

አሜሪካኖች ትሪዮ የሚሉት ፕሮግራም አላቸው። ስለ እሱ ሳነብ ነው «የቤቱ መጀመሪያ» የሚለው ነገር በሕግ ሊጻፍ እንደሚችል ያወቅኩት። በእነሱ አቆጣጠር በ1964 ድህነትን ለመዋጋት በወጣው ሕግ አንዱ ተጀመረ፣ በ1965 ሁለተኛው፣ በ1968 ሦስተኛው። ሦስት ስለሆኑ ትሪዮ ተባሉ፤ በኋላ ሌሎችም ተጨምረውበታል። እናትና አባቱ የባችለር ዲግሪ የሌላቸው ተማሪ ብለው በግልጽ አስቀምጠውታል። በዋና ዋናዎቹ ፕሮግራሞች ከሚታገዙት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ድሃም የቤቱ መጀመሪያም መሆን አለበት። የእነሱ ሀገር ሌላ ነው፣ ገንዘባቸውም ሌላ ነው። እኔን የነካኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሥራው ገና ከትምህርት ቤት ጀምሮ ልጁን ሄዶ መፈለግ ነው። ማመልከቻ እስኪመጣ አይጠብቅም።

ያ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛ ለቅሶ ቤት ያልመጣን ጎረቤት «ምን ሆኖ ነው?» ብለን የምንሄድ ሰዎች ነን። ዕድር ላይ ስም ተጠርቶ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ያንን ግቢ ውስጥ ማስገባት ምን ይከብዳል? አንድ መምህር ለሁለት ሳምንት ያልታየን ተማሪ ስም ለአንድ ሰው ቢሰጥ። ያ ሰው ዶርሙ ድረስ ቢሄድ። ፕሮክተሮቹ፣ ማለትም የዶርም ተቆጣጣሪዎቹ፣ ማን ሳጥኑን ይዞ እንደወጣ ያያሉ፤ «ፎርም ሞልተሻል?» ብሎ መጠየቅ የእነሱም ሥራ ቢሆን። መግቢያው ሳምንት ላይ ለአዲስ ተማሪ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በሚሰማው ቋንቋ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ክሬዲት ምንድነው፣ ዊዝድሮ ምንድነው፣ የወጪ መጋራት ውል በሬ አይወስድም ብሎ ማስረዳት። ብዙ ብር አይጠይቅም። ሰው ይጠይቃል። ለዚያ ሰው ደግሞ ትንሽም ቢሆን ሊከፈለው ይገባል፤ በነፃ የሚሠራ ደግ ሰው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መኖር አይቻልም።

አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል። ከፍሎ የሚማርም አለ። ስለዚህ ጥቅምና ጉዳት እዚህ ሰፈር ሻይ ቤት ሁሉ ይወራል፣ እኔ አልጨምርበትም። ከፍሎ የሚማር ሲበዛ ግን የማይከፍለው ልጅ ድምፁ የበለጠ እንዳይቀንስ እፈራለሁ። ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አያለሁና። የከፈለው ልጅ «ይሄ ለምን ዘገየ?» ይላል። ያልከፈለው «ይቅርታ» ይላል።

ያቺን ልጅ ምን አደረግሽ ትሉኝ ይሆናል። ሃንድአውቱን በሙሉ ኮፒ አደረግኩላትና ስትሠሪ ትከፍይኛለሽ አልኳት። አራተኛ ዓመት የደረሰች አንዲት ደንበኛ አለችኝ፣ ከሐረርጌ የመጣች፣ ተናጋሪ። ስልክ ደወልኩላትና መጣች። «ይቺን ልጅ ያዢልኝ» አልኳት። ወደየት ነው ሳትል እጇን ያዘቻትና ወጡ። በሳምንቱ ተመለሱ። ቢሮውን አግኝተውታል፤ ስሟ ተመዝግቧል። የቀበሌው ደብዳቤ በቅቷል። «በሩ ላይ ቆሜ ልመለስ ስል ጎትታ አስገባችኝ» አለችኝ ልጅቷ። አሁንም እርስዎ ትለኛለች።

የዚያን ዕለት ማታ ወደ ወልዲያ ደወልኩ።

የላይኛው አልጋዋን ልጅ በቴሌግራም ካገኘኋት ሁለት ዓመት ሆኖናል። መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቡና ትሸጣለች። ታናናሾቿን እሷ አስተምራለች፣ አንዱ ነርስ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ሂሳብ ትወዳለች።

ስለ ልጅቷ ነገርኳት፣ ስለታጠፈው ደብዳቤ፣ ስለ ጣቷ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከኋላዋ የስኒ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ድንገት ጠየቀችኝ።

«ያ ፎርም… ያኔ ያሉን። አይተሽው ታውቂያለሽ?»

አይቼዋለሁ። እዚህ ተማሪዎች እያመጡ ኮፒ ያስደርጉታል። በዓመት ስንት ጊዜ በእጄ እንደሚያልፍ አልቆጥረውም።

«ስንት ገጽ ነው?» አለችኝ።

«አንድ ገጽ» አልኳት። «ጀርባውም ባዶ ነው።»

ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

«አለሁ» አለች። «ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ልጄ ትየው።»